አባባ ያሸተቱት ቡሽ

ወይን ገዢው ሻጩ ያቀበለውን ጠርሙስ ወደ አምፖሉ ሲያዘነብል፣ ብርጭቆ እያጠበ የነበረው ጭልፋ ቡሹ ውስጥ ጥቁር ነገር አየ።

ጭልፋ በስለላ ሥራው የተሰጠው የምስጢር ስሙ ነው። በወይን መጥመቂያው ምድር ቤት የሚያውቁት በበርሜል አጣቢነቱ ነው። ዓመት ሙሉ የፈለገውን ሰው ዛሬ አገኘው። የጦር መሣሪያ ንድፍ ያለበትን ፊልም ቡሽ ውስጥ እየደበቀ ለገዢው የሚያሳልፈው ሻጩ ነው። ያ ሳቂታ፣ ሽቶ የማይለየው ሻጭ።

«ሻጩ ነው» አለ ኮሌታው ውስጥ ወደተደበቀው ማይክሮፎን አጎንብሶ።

ጆሮው ውስጥ የአለቃው ድምፅ መጣ። አለቃው በምስጢር ስሙ አጎት ነው።

«እናውቃለን። የኛ ከሆነ ሰንብቷል። ዛሬ የሚያሳልፈው ፊልም የውሸት ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ቀረኝ?»

«ገዢው ሻጩ ለኛ እንደሚሠራ ተጠራጥሯል። ፖሊስ በሻጩ ፈንታ ሌላ ሰው ሲይዝ ካላየ ፊልሙን አያምንም። ጠዋት የሰጠንህን ቡሽ ለሽማግሌው ስጥ።»

«ምንም አያውቁም እኮ።»

«ለዚህ ነው የሚበጁን። ኋላ እንፈታቸዋለን።»

ያ «ኋላ» እንደማይመጣ ጭልፋ ያውቃል።

ሽማግሌው ጠማቂ ናቸው። ሁሉም አባባ ይሏቸዋል። ሪዝሊንግ የተባለውን ነጭ ወይን እንደ ልጅ ነው የሚያሳድጉት። «ሲጎረምስ አረንጓዴ ፖም ይሸታል፤ ሲሸመግል ላምባ ላምባ ይላል። እንዳትደነግጥ፣ እኔም እንደዛው ነኝ» እያሉ ያስቁታል። ጭልፋን አጠገባቸው አቁመው ማሽተት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ልማድ አላቸው። ሻጋታ የነካው እንዳያመልጣቸው የተከፈተ ጠርሙስ ቡሽ ሁሉ ያሸቱና ሽርጣቸው ኪስ ይከታሉ።

«አባባ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።»

ተቀበሉት። ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ።

«ንጹሕ ነው፣ ልጄ። አፍንጫህ እየሠራ መጥቷል እኮ።»

ኪሳቸው ከተቱት።

ጭልፋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

በሩ ተበረገደ።

ፖሊሶቹ ሻጩን አልፈው በቀጥታ ወደ አባባ ሄዱ። ኪሳቸውን ገለበጡት። ቡሾቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ አንደኛውን ሰነጠቁትና ፊልሙ ብቅ አለ። ገዢው ይህን አይቶ በእፎይታ ተነፈሰ። ከዚያም እንደ ማንኛውም ደንበኛ የገዛውን ወይን ካርቶን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ።

ግዳጁ ተፈጸመ።

አባባ የታሰሩ እጆቻቸውን ግራ ተጋብተው አዩ። ቀጥሎ ጭልፋን በዓይናቸው ፈለጉት። ጭልፋ ስድብ ጠበቀ። ስድቡ በቀለለው ነበር።

«ልጄ፣ የጥጉን በርሜል ክዳን አልገጠምኩትም። አየር ከገባው ወይኑ ይበላሻል። አደራህን።»

«እሺ፣ አባባ።»

ወሰዷቸው።

«መኪናዋ ደጅ ናት። አሁኑኑ ውጣ» አለ አጎት።

የጥጉ በርሜል መውጫው መንገድ ላይ ነበር። እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። ያን ወይን በገዛ እጁ ለመንካት ግን አፈረ። አንገቱን ደፍቶ አለፈው። የበላበትን ወጪት ሰብሮ ሄደ።

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ነዳጅ ማደያ ይሠራል። ማንም ልብ ብሎ አያየውም። አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት ላምባ ሊገዙ ጀሪካን ይዘው መጡ።

«ሽታው አያምህም፣ ልጄ?»

«ለምጄዋለሁ፣ እማማ።»

አልለመደውም። ጀሪካኑን ሞላ። ክዳኑን ገጠመ። ፈታውና እንደገና አጥብቆ ገጠመው።

«ተገጥሟል እኮ፣ ልጄ» አሉት።

እጁን ግን ከክዳኑ ላይ አላነሳም።