ሁለተኛው ጉርሻ

«ሦስተኛ የወጣ ሰው እንዴት ድራሹ ይጠፋል?» አለች ጣሂራ ላፕቶፑን ወደ ጓደኛዋ ወደ እምነት እያዞረች።

ለክፍል የምታቀርበው የፈረንሳዊው የመኪና ተወዳዳሪ የኤሚል ካርዴ ታሪክ ነው። በስምንት ዓመቱ ካርት የምትባለውን ትንሽ የውድድር መኪና ነዳ። በአሥራ ስድስቱ ባለ አንድ መቀመጫ መኪና ይዞ ፎርሙላ አራትን አሸነፈ። በአሥራ ዘጠኙ በፎርሙላ ሦስት የዓመቱ ሦስተኛ ሆነ። ፎርሙላ ዋን ለመድረስ የቀረው ፎርሙላ ሁለት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዜናም የለ፣ ፎቶም የለ።

«ዋንጫውን እንደያዘ ጨርሺዋ! ማን ቼክ ያደርጋል?» አለች እምነት።

መምህሯ ግን «አሁን የት ነው?» የሚለውን ካልመለሳችሁ ብላለች። የምታቀርብበት ሰኞ ደግሞ ደረሰ።

ቅዳሜ እናቷ በድሪያ ወደ ሺፍቷ ስትሄድ ጣሂራን አባቷ ሥራ ቦታ አወረደቻት፤ ምሳውን ረስቶ ወጥቷል። ቦታው ቱሪስቶች ከፍለው ፈጣን መኪና የሚነዱበት ከቬጋስ ከተማ ወጣ ያለ ትራክ ነው። ጣሂራ ክፍል ውስጥ «አባቴ የትራክ ኢንጂነር ነው» ብላለች። ከአፏ አምልጧት ነው፤ ከዚያ መመለሱ አሳፈራት። አባቷ ዘከሪያ መኪና አጣቢ ነው።

የጎማ ቦቲውን እንዳደረገ ጥላ ሥር ቆሞ አገኘችው። አጠገቡ አንድ ቀጭን ፈረንጅ ተቀምጧል።

«ነይ ጣሂራ! ይሄ ኤሚል ነው። ከቱሪስቶቹ ጎን ቁጭ ብሎ ‹ፍሬን! ፍሬን!› ሲል ይውላል፤ ጎሮሮው አለቀ የኔ ወንድም።»

ክው አለች። ያው ነው፤ ፎቶው ላይ ዋንጫ የያዘው ሰውዬ!

አባቷ ምሳውን ከፍቶ ኤሚልን አጎረሰው። ኤሚል በቃኝ ብሎ እጁን አወዛወዘ።

«አንድማ ያጣላል!» ብሎ አባቷ ሁለተኛውን ጠቀለለ። ኤሚል እየሳቀ አፉን ሲከፍትለት ጣሂራ ፎቶ አነሳች።

ለምን እንዳቆመ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ስፖንሰሩ ተወው፣ መቀመጫው ለሌላ ተሰጠ፤ በቃ። ከዚያ ጠዋት ስላስነዳቸው የሰባ ዓመት ሴትዮ ፊቱ በርቶ ያወራላት ጀመር። ትዘንለት ወይስ አብራው ትሳቅ? ግራ ገባት።

ኤሚል ወደ ሥራው ሲመለስ ጠየቀች፤ «አባዬ፣ ተሸንፎ ነው?»

አባቷ ጨርቁን ጨመቀ። «እኔ ኮምቦልቻ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ዛሬ መኪና አጥባለሁ። ተሸንፌ ነው?»

በራሷ ተናደደች፤ በምን እንደሆነ ግን ለይታ አላወቀችውም።

እሑድ ፎቶውን መጨረሻው ስላይድ ላይ አስገባችው። የአባቷ ቦቲ ይታያል፤ ባልዲውም።

«ኧረ ጉድ! ኢንጂነር ብለሽ አልነበር እንዴ?» አለች እምነት። «ክሮፕ አድርጊው!»

ጣሂራ አባቷን ከፎቶው ቆረጠችው። ኤሚል አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እጅ ያጎርሰዋል። አየችው፣ አየችውና መልሳ እንደነበረ አደረገችው። ከሥሩም እንዲህ ጻፈች፦

«አሁን እዚሁ ቬጋስ ነው፤ ሰው መንዳት ያስተምራል። የሚያጎርሰው አባቴ ዘከሪያ ነው፤ እዚያው መኪና ያጥባል። ፎቶው የተነሳው በሁለተኛው ጉርሻ ላይ ነው።»