ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ

ዶክተሩ ሞተው የተገኙት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የተመላሽ ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ የውሃ ማሞቂያ እንዳቀፉ ነው። እንዳቀፉ ሲባል ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ እጃቸውን ከብረቱ ለማላቀቅ ያገኟቸው ሠራተኞች መጀመሪያ የክፍሉን መብራት ማጥፋት ነበረባቸው።

ዶክተር ያስባላቸው ሕክምና አይደለም። ፋብሪካው የሸጣቸው ማሞቂያዎች ዋስትናቸው ሳያልቅ ሲበላሹ ተመልሰው የሚመጡት እሳቸው ጋ ነበር፤ እሳቸውም «በሽተኞቼ» ይሏቸዋል። ቀይ ካርድ የተንጠለጠለበት በሽተኛ፣ አረንጓዴ የተንጠለጠለበት ደህና ነው። አረንጓዴውን ደግሞ ወደ ደንበኛው ከመመለሱ በፊት አንዴ ሰክተው በእጃቸው ዳብሰው ይሸኙታል።

ሚጢ የወንድማቸው ልጅ ናት። እዚያው ክፍል ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ማሽን ብልሽት ትመዘግባለች። ያን ቀን ግን ጥግ ላይ ኩርምት ብላ አንድ ነገር ብቻ ታስባለች፤ ጋሼን የገደልኳቸው እኔ ነኝ!

ምክንያቱም ትናንት መነጽራቸው ላይ ቁጭ ብላበታለች። ቀጭ! ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ነበር የሳቁት። «በቃ፣ እስኪሠራልኝ ድረስ በካርዱ ቀለም እኖራለሁ» ነበር ያሏት። በቀለም! ወይኔ!

መርማሪዋ መጣች። ሴትዮዋ ትንሽ፣ ቦርሳዋ ትልቅ፣ ዓይኗ መርፌ። ማሞቂያው ላይ የተንጠለጠለውን አረንጓዴ ካርድ አየች፤ ጎንበስ ብላ ደግሞ ብሎኖቹን።

«እዚያ ጋ ያሉት አረንጓዴዎች ብሎናቸው አዲስ ነው። የዚህ ለምን ዛገ?»

«ጋሼ ከከፈቱት ሁሌ ብሎን ይቀይራሉ» አለች ሚጢ በቀጭን ድምፅ።

«ስለዚህ ይሄኛው ለጥገና አልተከፈተም።»

«ትናንት ቀይ ነበር እኮ! ጋሼ ለሥራ አስኪያጇ ዛሬ ከሰዓት ሊያሳዩዋት ለይተው ያስቀመጡት ነው። ማሞቂያዎቹን ለሚነድፈው ኢንጂነርም ደውለው ‹ና፣ አንድ በሽተኛ ላሳይህ፤ መነጽሬም ተሰብሯል፣ ዓይንህን ይዘህ ና› አሉት።»

መርማሪዋ ጻፈች። ከዚያ እንደዋዛ «የዳነ ማሽን ካርድ ላይ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?» አለቻት። ሚጢ መለሰችላት።

ባለ መጋዘኑ ኮፍያውን እያሻሸ ገባ። «እትዬ፣ እኔ ካርድ አልቀይርም፤ ጫን ያሉኝን ነው የምጭን። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አረንጓዴ ሆኖ ከሚጫኑት ጋር ተደርድሮ አየሁት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጫን ነበረብኝ፤ ሻይ ስጠጣ ወሬ ያዘኝ። ምላሴ ይቆረጥ! ጭኜው ቢሆን…» መርማሪዋ እሱንም ያንኑ የካርድ ጥያቄ ጠየቀችው።

ኢንጂነሩ ሸሚዙ ክርር ያለ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። «እኔ እዚህ ክፍል ረግጬ አላውቅም። የምሠራው በዳታ ነው። በየወሩ ከዚህች ልጅ የሚመጣልኝ ዳታ ምን ይላል? ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ! ‹ሌላ›ን በምን ላሻሽለው?»

ሚጢ ፊቷ ጋለ። እውነቱን ነዋ! ኮምፒውተሩ ላይ ሠላሳ ዓይነት ብልሽት ተዘርዝሯል፤ መጀመሪያ ላይ ያለው «ሌላ» የሚለው ነው። እሱን ተጭኖ ማለፍ ቶሎ ወደ ስልኳ ይመልሳታል። ጋሼ «ልጄ፣ በሽታውን በስሙ ጥሪው» ሲሏት «እሺ ጋሼ» ትል ነበር። እሺ ብቻ!

ከሰዓት ሥራ አስኪያጇ ከመንገድ እንደገባች መርማሪዋ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ከሞታቸው እንጀምር» አለች። «ይሄ ማሽን ለምን ገደለ? ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት የለም። ሽቦው ከብረቱ ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ተላጠ፤ ብረቱ ኤሌክትሪክ ያዘ። ስድስት ቀይ ማሽን አስከፈትኩ፤ የስድስቱም ሽቦ እዚያው ቦታ ላይ ተበልቷል።»

«ስድስት ምን ያሳያል? ደንበኞቹ በአጠቃቀም አበላሽተውት ይሆናል» አለ ኢንጂነሩ።

«ስለዚህ መዝገቡን ከፈትኩ። መቶ ሃያ ስድስት ‹ሌላ› አለ። ሚጢ ግን ሁለት ነገር በትክክል ጽፋለች፤ የማሽኑን ቁጥርና የተመለሰበትን ቀን። መቶ ሃያ ስድስቱም ቁጥራቸው በሰባት ይጀምራል፤ ሁሉም የተመለሱት በተሸጡ በአሥረኛው ወይም በአሥራ አንደኛው ወር ነው። አጠቃቀም ላይ የሚያጠፋ ሰው ቀጠሮ ይዞ አያጠፋም። በሰባት የሚጀምሩት ላይ ቀለበቱን ያስቀረው ማን ነው?»

ሥራ አስኪያጇ ቀስ ብላ ወደ ኢንጂነሩ ዞረች። «መገጣጠሙ ፈጠነ ብለን ሸለምንህ።»

«ዲዛይን ሌላ፣ መግደል ሌላ!»

«አንተም ሌላ አልክ?» መርማሪዋ አረንጓዴውን ካርድ አነሳች። «ሁላችሁንም የዳነ ማሽን ካርድ ላይ ምን ይጻፋል ብያለሁ። እርስዎስ?»

«‹ድኗል› ነዋ» አለች ሥራ አስኪያጇ። «መጀመሪያ ሳየው ስቄ አላባራሁም።»

«ሚጢም ድኗል አለች። ባለ መጋዘኑም ድኗል አለ። ይሄ ካርድ ግን ‹ተጠግኗል› ይላል። ይህን የጻፈው ከዚህ ክፍል የወጣ አንድ ካርድ እንኳ አንብቦ የማያውቅ ሰው ነው። ኢንጂነር፣ አንተ ምን ነበር ያልከኝ?»

ኢንጂነሩ ጠዋት ‹ተጠግኗል› ብሏት ነበር።

«ካርዱን የቀየርኩት እንዲሞቱ አይደለም!» አለ። «አለቃ ሳታየው መኪና ላይ ወጥቶ እንዲሄድ ነው! ይሰኩታል ብዬ አላሰብኩም!»

«ወደ ሰው ቤት ነበር የሚሄደው» አለች መርማሪዋ። «እዚያስ ማን እንዲሰካው ነበር?»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ሚጢ አልቻለችም፤ ፈነዳች። «ካርዱን ማንበብ ያቃታቸው በኔ ነው! መነጽራቸውን የሰበርኩት እኔ ነኝ!»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። «መነጽሩ አደጋ ነው፣ እህቴ። ‹ሌላ›ው ግን ያንቺ ነው። ከአምስት ወር በፊት ስሙን ብትጽፊው ፎቅ ያሉት አለቆች ያዩት ነበር።»

ሚጢ አለቀሰች፤ ማንም አይዞሽ አላላትም። ከዚያ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገችና ኮምፒውተሩን ከፈተች። በሰባት የሚጀምሩ፣ ተሸጠው ያልተመለሱ፤ ሦስት መቶ አሥራ አራት። ሁሉም አሁን በሰው ቤት ተሰክተዋል። የመጀመሪያውን ስልክ ደወለች።

«እማማ፣ ከማሞቂያው ፋብሪካ ነው። እባክዎ እንዳይነኩት! መብራቱን ከዋናው ያጥፉት!»

«ውይ! ልታጠብ ስል? ምን ሆኖ ነው ደግሞ?»

ጣቷ ከልምድ ወደ መጀመሪያው መስመር፣ ወደ ‹ሌላ› ሄደ። ጣቷን መለሰችው።

«ሽቦውን የብረቱ ጠርዝ በልቶታል» አለች። «አጎቴ ናቸው ያገኙት።»