እጃችንን ያስታጠበችን ልጅ

ሰው ጥላ አየሁ፣ ኮቴ ሰማሁ ብሎ ሲያወራኝ «ጾምህን አድረህ ይሆናል» ብዬ የማሾፍ ሴት ነበርኩ። ባሌ የሞተ ሰሞን እንኳ፣ የሟች መንፈስ ቤቱን ይዞራል ብለው ጎረቤቶቼ ሲያስፈራሩኝ፣ እኔ ኩራዙን አጥፍቼ ለጥ ብዬ ነው የተኛሁት። ዛሬም ቢሆን ስለ ሌላው አላውቅም፣ የሰው ወሬ የሰው ነው፣ ይሄኛው ግን በገዛ ዓይኔ ያየሁት፣ ቅዝቃዜውም እጄ ላይ የቀረ ነገር ነውና ብታምኑኝም ባታምኑኝም ልንገራችሁ።

ያኔ፣ በፈረንጆች ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበርን፣ ልጄ የሺ፣ ባሏ ግርማ፣ የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሣራ፣ እኔም ተደርቤ፣ አራት ሰው በሁለት ክፍል። የደረጃውን ነገር ተዉት፣ ደረጃ ሳይሆን የቆመ መሰላል ነው፣ ጉልበቴን የጨረሰው እሱ ነው። የሺ ቢሮ ታጸዳለች፣ ግርማ፣ አገሩ ላይ ሒሳብ አስተማሪ የነበረው ሰው፣ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል፣ ሣራን የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ግርማ ፊቱ በርቶ መጣ። ከዞተርሜር ወዲያ፣ ላምና ሣር ብቻ ባለበት ገጠር፣ ውሃ የከበበው የጥንት ግንብ ሆቴል ሆኗል፣ ባለቤቱ የስዊስ ሰው ነው፣ ባልና ሚስት ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ግርማን ወጥ ቤት፣ የሺን አልጋ ቤት፣ ማደሪያውም ሰፋፊ ክፍሎች ከነማሞቂያው፣ ያውም ምድር ቤት። ቦታውን እንድናይ ሰውየው ቅዳሜ ሁላችንንም ራት ጋብዞናል።

«እማማ፣ የምንጠብቀው የእርስዎን ቃል ነው» አለኝ ግርማ። «እርስዎ ካልመጡ ሣራን የሚይዝልን የለም፣ እምቢ ካሉ እኛም እንቀራለን።»

«የእኔ ቃል እዚህ ቤት ከመቼ ወዲህ ነው የሚጠበቀው?» አልኩትና ተሳሳቅን። በልቤ ግን እሺታዬን ጨርሻለሁ፣ ላም ያለበትን፣ ደረጃ የሌለበትን አገር ማን ይጠላል።

ጥቅምት ማለቂያ ነበር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሚጨልምበት ወቅት። በአውቶቡስ ሄድን፣ ሰውየው ፌርማታው ድረስ በመኪና መጥቶ ወሰደን፣ መንገዱ እበት እበት ይሸታል፣ እኔም ደስ ብሎኝ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። የግንቡ ውሃ ጥቁር ነው፣ ዳክዬ እንኳ የለበትም፣ በዚህ አገር ዳክዬ የሌለበት ውሃ አይቼ አላውቅም፣ ይህን ያሰብኩት ግን ኋላ ነው።

አዳራሹ ጣሪያው ጥቁር እንጨት ነው፣ እሳት ይነድዳል፣ እኛ የተቀመጥነው ከእሳቱ አጠገብ ካለች ትንሽ ጠረጴዛ ነው፣ በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ የወንበሮቹ መደገፊያ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከእኛ ሌላ እንግዳ የለም፣ ወቅቱ አይደለም አለ ባለሆቴሉ። ራቱ በአገሩ ወግ የቀለጠ አይብ ነው፣ አንድ ድስት መሃል ይቀመጥና ሁሉም ዳቦውን እየነከረ ይበላል፣ ከአንድ ዕቃ መብላታቸውን ወደድኩላቸው፣ ግን የጽጌን ጾም ይዣለሁና ለእኔ ድንች ይቀቀል ተባለ። አይቡ እስኪቀልጥ ብሎ የሺንና ግርማን ክፍሎቹን ሊያሳያቸው በግቢው ማዶ ይዟቸው ወጣ። እኔና ሣራ ብቻችንን ቀረን።

መጀመሪያ የሰማሁት ውሃ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲገለበጥ ነው። ቀጥሎ ኮቴ፣ ቀስ ያለ፣ ጢም ብሎ የሞላ ነገር የተሸከመ ሰው ኮቴ። ዞር ስል አንዲት ልጅ፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ ራሷን በነጭ ሻሽ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ ባንድ እጇ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳህን ይዛ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቆማለች። እመኑኝ፣ ቅንጣት አልደነገጥኩም። ለምን እደነግጣለሁ፣ ማዕድ ሊቀርብ ሲል እጅ የሚያስታጥብ ልጅ መምጣቱ ተወልጄ ያደግኩበት ነገር ነው፣ እንዲያውም በዚህ አገር ገና ጨዋ ቤት ገባሁ ብዬ ነው ደስ ያለኝ። እጄን ዘረጋሁ፣ አፈሰሰችልኝ፣ ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ገባ። «እደጊ የኔ ልጅ» አልኳት እንደ ወጉ። ቀና ብላ አየችኝ፣ የማይሆን ነገር እንደተመኙለት ሰው።

ከዚያ ለሣራ አፈሰሰች። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የሣራን እጅ ገልብጣ መዳፏን አየች፣ መልሳ ገለበጠች፣ ገበያ ላይ ዶሮ የሚመርጥ ሰው እንደሚያደርገው። ፎጣውን ከራሷ ትከሻ አንስታ ሣራ ትከሻ ላይ ጣለችና ማንቆርቆሪያውን አስያዘቻት። አሁንም አልደነገጥኩም፣ ሞኝነቴን ተመልከቱ። በእኛ ወግ የሚያስታጥበው ከቤቱ ትንሹ ነው፣ ታናሽ ሲመጣ ታላቁ ዕቃውን አስረክቦ ያርፋል። ሥርዓት ልታስተምርልኝ ነው ብዬ «ያዢ፣ ሣራ፣ እንዳይፈስስ» አልኩ፣ በገዛ አፌ።

ሣራ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ሄደች። ማንም የለበትም። ከመጀመሪያው ወንበር ጎን ቆመች፣ አፈሰሰች፣ ጠበቀች፣ ወደ ሁለተኛው አለፈች።

«ሣራ፣ የሰው ወለል አታበላሺ፣ ነይ።»

«ቆይ ኦማ፣ አልጨረሱም» አለችኝ ሳትዞር፣ አያቴ ማለቷ ነው በአገሩ ቋንቋ።

ይኼኔ ነው ጆሮዬ የነቃው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስታጥብ ኖሬያለሁ፣ አባቴን፣ ባሌን፣ የመንገድ እንግዳውን ሁሉ፣ ድንጋይ ላይ የሚወድቅ ውሃና እጅ ላይ የሚወድቅ ውሃ ድምፁ ለየቅል ነው። ድንጋይ ላይ ይፈናጠራል፣ እጅ ላይ ይለሰልሳል፣ መሃል መሃሉን መዳፍ ከመዳፍ ሲተሻሽ ይሰማል። የሰማሁት መተሻሸቱን ነው። በእያንዳንዱ ወንበር ዘንድ። አንዱ ቶሎ ይጨርሳል፣ አንዱ ሽማግሌ ነው መሰለኝ ይዘገያል፣ ሣራም ትጠብቀዋለች። ወለሉ ደረቅ ነው። ልጅቱን ልጠይቅ ስዞር ከእሳቱ አጠገብ፣ የሣራ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ ስትቆም የኖረች ሰው ስትቀመጥ የምታወጣውን ትንፋሽ እያወጣች።

በዚያ ጉልበቴ ሮጥኩ። ሣራን በክንዷ፣ ማንቆርቆሪያውን በጆሮው ይዤ ብስብ አልመጣልኝም፣ በወዲያ በኩል የያዘው ያለ ይመስል። በስመ አብ ብዬ እንደገና ሳብኩት፣ ለቀቀኝ። በሩ ተከፈተ፣ እነየሺ ገቡ፣ የእሳቱ ዳር ወንበር ባዶ ነበር።

ባለሆቴሉ ማንቆርቆሪያውን ሲያይ ቆመ። ማን እንደሰጣት ጠየቀ፣ የሺ ተረጎመችልኝ። ሻሽ ያሰረችው ልጅ ናት አልኩ። ሰውየው ዕቃውን በፎጣው ጠቅልሎ ከእጄ ወሰደ፣ አንድ ነገር ተናግሮ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

«ምን አለ?»

«ዛሬ የእሷ ተራ አልነበረም አለ» አለችኝ የሺ። «ሠራተኛ ትሆናለቻ። ምን ሆነሻል እማዬ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ።»

ራቱ ቀረበ። አይቡ ይንፈቀፈቃል፣ የሺ ስለ መስኮቶቹ ስፋት ታወራለች፣ ሣራ ዳቦዋን ሳትነካ የእያንዳንዳችንን እጅ ትመለከታለች። ከረጅሙ ጠረጴዛ በኩል አልፎ አልፎ ወንበር ሲጎተት እሰማለሁ፣ ሌላው ይስማ አይስማ አላውቅም። ግርማ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ፣ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም።

«እህ፣ እማማ፣ ምን ይላሉ?»

«አልመጣም» አልኩ። «ሣራንም እዚህ አላሳድግም።»

ምክንያቱን አውቶቡስ ውስጥ ነገርኳቸው። ግርማ ፊቱን በመስኮቱ ወደ ጨለማው አዞረ። የሺ ግን «ተረት ከምትፈጥሪ፣ ከጓደኞቼ መራቅ አልፈልግም ብትዪ ይሻል ነበር» አለችኝ። ሣራ በሳምንቱ ሁሉንም ረሳችው። ግርማ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሳህን አጠበ፣ አንድ ቀን አልወቀሰኝም፣ የከበደኝም አለመውቀሱ ነው።

ቦታው ግን ባዶ አልቀረም። ሮተርዳም ውስጥ በወር አንድ እሑድ ለጸሎት ከምንሰበሰብበት አዳራሽ የምናውቃቸው አስቴርና ባሏ ገቡበት፣ የጠቆማቸውም ግርማ ነው፣ ምሕረት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ መሰላችሁ፣ የወለድኳት ያላመነችኝን ባዳ ታምነኛለች ወይ፣ ደግሞስ እንጀራቸውን ልዝጋ ወይ እያልኩ ዋጥኩት። ከፋሲካ በኋላ አዳራሹ በር ላይ አገኘችኝ፣ ሥራውን ወዳዋለች፣ ፊቷም ሞልቷል።

«ምሕረትስ?» አልኳት።

«ምሕረትማ ምን ልበልዎት፣ እማማ፣ ጨዋ ሆናለች። ያቺ ውሃ አምጪ ስትባል ታለቅስ የነበረችው፣ አሁን ማንም ሳያዛት እጃችንን ታስታጥበናለች፣ ሁሉንም ሳታዳርስ አትቀመጥም።»

«ሁሉንም ስትዪ፣ ማዕድ ላይ ስንት ናችሁ?»

«ሦስት ነና፣ ማን አለን ብለው ነው» አለችኝ። «ብቻ ብዙ ጊዜ ይፈጅባታል።»

ብላ ሳቀች። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬያት ሳቅኩ።