በበዓለ ሃምሳ የጾመች እናት

በሚዛን አማን፣ በአማኑ በኩል፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር የመምህር ተካን ቤት የማያውቅ አልነበረም። ቤቱ ከሰው ቤት በልጦ አይደለም፤ ቆርቆሮው የዛገ፣ ግድግዳውን ዝናብ የላሰው ነው። የታወቀው በሚስቱ በየዓለምዘርፍ ነበር። እሷን የሚያህል ቤት ያዥ ከየት ይመጣል! ደመወዝ የወጣ ዕለት የወሩን አስቤዛ ታስገባለች። ጤፉን በበቆሎ ቀይጣ፣ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ዘይቱን በጓዳዋ ሣጥን ትቆልፍና ቁልፉን ከአንገቷ መስቀል ጋር ማተቧ ላይ ታስረዋለች። ከዚያ ወዲያ ዓለም ቢገለበጥ የሚቀጥለው ደመወዝ ሳይመጣ ሱቅ አትረግጥም። ዘይት በሲኒ ትለካለች፣ ሽሮ በእጇ ትዘግናለች፣ ወሩም ይደርሳል! የጤፍ ዋጋ በየገበያው ሲወጣ፣ የተካ ደመወዝ ባለበት ቆሞ ሳለ፣ የየዓለምዘርፍ አስቤዛ አንድም ወር ጎድሎ አያውቅም። ጎረቤቱ እጁን በአፉ ላይ ይጭናል። እንዴት አድርጋ ይሆን? ምን ዓይነት ጥበብ ነው? "እጇ በረከት አለው" ይሉ ነበር፤ ሌላ ምን ይበሉ?

ዱቤ በዚያ ቤት ነውር ነው። ተካ በልጅነቱ አባቱ ቴፒ ላይ በዱቤ ምክንያት ቤታቸውን ሲያስረክቡ አይቷል። ስለዚህ የዓለምዘርፍን ሲያገባት "ከቤቴ ዱቤ እንዳይገባ" ብሎ ቃል አስገብቷታል። ባለሱቁ ሸምሱ አጥር ለአጥር ጎረቤታቸው ሆኖ ሳለ፣ ሚስቱ ሀጂራ "ኧረ ውሰጂ፣ ሲመጣ ትከፍያለሽ" ብላ ስትለምናት እንኳ የዓለምዘርፍ እሺ ብላ አታውቅም። አይ ቃል... ቃል የሚያስገባው አንድ ሰው፣ የሚሸከመው ሌላ ሰው!

ሌላም የታወቀችበት ነገር ነበር፤ ጾሟ። ረቡዕና ዓርቡንማ ማን ይተዋል? እሷ ግን ዐቢይ ጾሙን፣ ፍልሰታውን፣ የነቢያቱን፣ ለቄሶች ነው የሚባለውን ሁሉ ትይዛለች። አጽዋማቱ ሲያልቁ ደግሞ "የግል ስለት አለብኝ" ትላለች። ልጆቿን ጠዋት አብልታ ትሸኛለች፣ ቀን አብልታ ትቀበላለች፣ እሷ ማታ ላይ አንዲት ቁራሽ ቀምሳ ትነሣለች። ሀጂራ የተቀቀለ ጎደሬ ትኩስ ትኩሱን ስትልክላት ለሁለቱ ልጆቿ ለፋናና ለሕዝቅያስ ታካፍለዋለች። በረመዳን ሀጂራ አጥሩን ተደግፋ ትቀልድባት ነበር።

"የእኛስ ጨረቃ ታየና ይፈታል። የአንቺ ጾም ጨረቃው መቼ ነው የሚወጣው ዓለሜ?"

ይሳሳቃሉ። የዓለምዘርፍ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ከንፈሯ ነጥቶ እንደነበር ያን ጊዜ ማን ልብ ብሎ!

ተካማ ይኮራባታል። ትምህርት ቤት መምህራኑ ስለ ኑሮ ውድነት ሲያማርሩ "የእኔዋ ወር ታደርሳለች፤ ያውም እየጾመች" ይላል ደረቱን ነፍቶ። አይ ተካ! አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለህ ሳህኗን ብታይላት ምን ነበረበት?

ፋና ግን አትኮራም ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ጓደኞቿ ቤት ዘይት ሲንጠባጠብ ታያለች፣ እነሱ ቤት በሲኒ ነው። አንድ ቀን ጓደኛዋን ምሳ ጋብዛ ወጡ ሲያንስባት ጊዜ እንግዳዋ እስክትወጣ ጠብቃ እናቷ ላይ ጮኸች።

"ቁልፍና መስቀል አንድ ላይ ታስሪያለሽ! የምታመልኪው የትኛውን ነው?"

የዓለምዘርፍ ለራሷ ያስቀረቻትን የማታ ቁራሽ አምጥታ ልጇ ፊት አኖረችና ወደ ጓዳ ገባች። ፋናም እያኮረፈች በላችው... ያንን ጉርሻ ዛሬ ብትተፋው በወደደች!

ፋሲካ አለፈ። ዝናቡ ሚዛንን ቀን ከሌት ማጠብ ሲጀምር የዓለምዘርፍ ልብስ በረንዳው ሥር ልታሰጣ እንደወጣች ዘፍ ብላ ወደቀች። ሀጂራ ኡኡ አለች፤ በባጃጅ አድርገው ሐኪም ዘንድ አደረሷት። ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ሆዷን ዳሰሰ፣ አስመረመራት፣ ተካን ወደ ውጭ ጠራው። ደሟ አልቋል፣ ጨጓራዋ ክፉኛ ቆስሏል፣ በቀን ውስጥ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ትብላ፣ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይወሰድም አለው። "ምነው ይሄን ያህል ዘገያችሁ?" ብሎም ጠየቀው።

ቤት ሲመለሱ ፋና አጥሚት አፍልታ አቀረበች። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ጾም ነኝ ልጄ።"

ተካ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አለቀሰ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው ጾሙን እንዲፈቱላት በዚያ ዶፍ እየሮጠ ሄዶ አባ ወልደጻድቅን ይዟቸው መጣ። ሽማግሌው ካባቸው ውሃ እያንጠባጠበ አጠገቧ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ምን ጾም ነው የያዝሽው?"

"የስለት ነው አባቴ።"

አባ ወልደጻድቅ ግራ ገባቸው። "በበዓለ ሃምሳ? ጌታ ከተነሣ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም እንደሌለ አንቺ ይጠፋሻል? እኔ አላዘዝኩሽም። ማን ነው ይሄን ያዘዘሽ?"

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ተካ ራሱ ጠዋት ሽሮውን በቅቤ በልቶ ነው የወጣው፣ ሃምሳው ነዋ! ለራሱ ያላጣውን ሃምሳ ለእሷ እንዴት ረሳው?

የዓለምዘርፍ ዓይኗን ጨፈነች።

"ወሩ ነው አባቴ... ወሩ ነው ያዘዘኝ። አስቤዛው ለሦስት ሰው ይደርሳል። ለአራት አይደርስም።"

አቤት! ያን ቃል የሰማ ጆሮ እንዴት ይችለው! እጇ በረከት አለው ሲባልላት የኖረችው ሴት በረከቱን ከገዛ ሥጋዋ እየቆረሰች ስታድል ኖራለች። በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ገበታ፣ ባሏና ልጆቿ እያዩዋት! አባ ወልደጻድቅ ሊያሳልሟት ያወጡትን መስቀል ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና የእሷን እጅ ሳሙ። "እኔ ቄሱ እንዲህ ያለ ጾም ጾሜ አላውቅም" አሉ እንባቸው ጺማቸውን እያራሰው። ፋና በጉልበቷ ወደቀች። "እማዬ፣ ይቅር በዪኝ... ብዪልኝ... እባክሽ ብዪልኝ!" የዓለምዘርፍ የልጇን ፊት ዳሰሰችና አፏን ከፈተች። አጥሚቱን ከልጇ እጅ ጠጣች።

ተካ ተነሥቶ ወጣ። ዝናቡ እየወረደበት ሸምሱ ሱቅ በር ላይ ቆመ።

"ሸምሱ፣ በዱቤ ስጠኝ" አለ። በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን ቃል!

"ምነው አስተማሪ" አለ ሸምሱ ዕቃውን ማውረድ እየጀመረ፣ "ይሄን እስክትለኝ ነው ስጠብቅ የኖርኩት።"

ያን ሰሞን በዚያ ቤት ያልገባ አልነበረም፤ ማር፣ ወተት፣ የሀጂራ ጎደሬ። ግን ምን ያደርጋል! ያ ባዶ ለምዶ የኖረ ሆድ ምግቡን እንቢ አለ። አገሩ የሰኔን ጾም ሊይዝ ሲሰናዳ አንድ ጠዋት የዓለምዘርፍ ፋናን ጠራቻት።

"ቁልፉን ከማተቤ ላይ ፍቺውና ያዢ።"

ፋና ፈታችው። "አደራ ቆጥቢ" የምትላት መስሏት "እጠነቀቃለሁ እማዬ፣ ወር አደርሳለሁ" አለች።

"አይደለም ልጄ። ወሩ ከጎደለ ይጉደል... ዕዳ ይከፈላል። አንቺ ግን ስታበስዪ ብዪ። ቆመሽም ቢሆን ብዪ።"

ቀኑ ሳይጋመስ አረፈች።

ዕድሏ ነው አለ ቀባሪው፤ ዕድል ሲያለቅሱበት አይመልስም። እኔ ግን ያችን ሴት ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል፤ ፍቅር ይሄን ያህል ዝም ማለት ይችላል እንዴ? ሣጥኑ ዛሬ አይቆለፍም። ፋና ማታ ወጡን አውጥታ ስታቀርብ ተካ እጁን ታጥቦ ይቀመጥና አይቆርስም፤ ሕዝቅያስም አይቆርስም። "አንቺ ቅደሚ ልጄ" ይላታል አባቷ። እሷም እንባዋን በክንዷ ጠርጋ የመጀመሪያውን ትጎርሳለች።