አራተኛው ገጽ

ዳንግላ ውስጥ ምላሴን የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ ፈሪ የሚለኝም የለም። ግን ፈሪ ነኝ። ሰላሁዲንን ያጣሁት በፍርሃቴ ነው።

ሰላሁዲን ታፔላ ጸሐፊ ነበር። በትርፍ ሰዓቱ አራት ገጽ አስፈሪ ታሪክ በሥዕል ይሠራና አባቴ ሱቅ አምጥቶ ፎቶ ኮፒ ያስነሳል። ተማሪዎች ይሻሙበታል። ሦስቱን ገጽ ሐሙስ፣ የመጨረሻውን ቅዳሜ ነበር የሚያመጣው። መጨረሻው ቀድሞ ከታወቀ ማን ይገዛዋል? ኮፒ ለማነሳለት ለእኔ እንኳ አይነግረኝም ነበር።

መጀመሪያ የተጣላነው በአንዱ ታሪኩ ዘንገና ሐይቅ ውስጥ ባሰጠማት ሙሽራ የተነሳ ነው።

«ምን አድርጋህ ነው? አንድ ቀን እንኳ ደህና መጨረሻ አይወጣህም?» አልኩት።

«ደህናውን ላንቺ አስቀምጬዋለሁ» አለና አንገቱን ደፋ።

እኔ ምላሰኛዋ ተደናበርኩ። ወረቀቱን ገልብጬ ማሽኑ ላይ አስቀምጬ ኖሮ ሃያ ባዶ ወረቀት ወጣ።

ዓመት ሙሉ ተዋደድን። በመጨረሻ ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠ፤ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ።

በዚያው ሳምንት የጅብ ታሪክ ይሠራ ነበር። በአንድ መንደር ሰው ይጠፋል፤ ጅብ የሚሆነው ቡዳ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ሁሉም የሚጠረጥረው አንድ ጎረምሳ ሊያገባት ሽማግሌ የላከባትን ልጅ አባት ነው።

«የአባቴን ቆብና መነጽር አድርግለት» አልኩት።

«ተይ እንጂ ዋሂዳ! ሰውን ቡዳ ማለት ጨዋታ ነው?»

«ከተማሪ በቀር ማን ያየዋል? የምትወደኝ ከሆነ አድርገው።»

ሠራው። ቁርጥ አባቴን! እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ እሱ አልሳቀም።

ሐሙስ ሦስቱ ገጽ ተሸጠ። ዓርብ ሰላሁዲን የላካቸው ጋሽ ሀቢብ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቤታችን ሲመጡ፣ አባቴ ጎረቤት ያሳየውን ወረቀት ጨብጦ ነበር የጠበቃቸው።

«ልጄን ለዚህ? ቡዳ ብሎ በከተማው ለበተነኝ?»

ጋሽ ሀቢብ ደነገጡ። ደጅ የቀረውን ሰላሁዲንን አስጠሩት። «አንተ ልጅ፣ ምን ነክቶህ ነው?»

ሰላሁዲን አየኝ።

አባቴ ወደኔ ዞረ። «አንቺስ፣ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም፣ አባ» አልኩ።

ሰላሁዲን ለአባቴ እጅ ነሳ። «ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። አባቴ ይቅር አላለውም። ሽማግሌዎቹ ሳይመርቁ ወጡ።

ቅዳሜ አራተኛውን ገጽ በባጃጅ ሹፌር ላከልኝ። ጅቡ አባትየው አይደለም፤ ሽማግሌ የላከው ጎረምሳ ነው፣ ፊቱም የሰላሁዲን የራሱ ፊት ነው። ባለመነጽሩ አባት ልጁን ከጅቡ አፍ አስጥሎ በጀርባው አዝሏት ይሄዳል። አባቴን ሣልልኝ ያልኩትን ቀልድ እንዲህ አድርጎ ነበር ሊያርምልኝ ያሰበው።

ይህን ለአባቴ ባሳየው ኖሮ ነገሩ ይበርድ ነበር። ግን «እኔን እንዲሥለኝ ያዘዘው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ፤ ገጹን ኮፒ ሳላነሳ ደበቅሁት። ነገ አሳየዋለሁ፣ ነገ አሳየዋለሁ ስል ሦስት ሳምንት አለፈ። ሰላሁዲን ብሩሹን ሰብስቦ አገር ለቀቀ። ወዴት እንደሄደ እንኳ የነገረኝ የለም።

ዛሬ ጫግኒ የእህል ነጋዴ ሚስት ነኝ። ባሌ ክፉ አይደለም፤ አልወደውም እንጂ። አባቴ ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር ሻዩን ፉት ይልና፣ «ያን ልጅ ባላባርርልሽ ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር?» ይለኛል።

«አላህ ያቆይልኝ፣ አባ» እለዋለሁ። ስኳር እጨምርለታለሁ።