ስድስተኛው መስመር

ትርንጎ ስድስተኛውን መስመር ጽፋ ቀና እንዳለች ክው አለች። «እሸቴ፣ ጉና፣ አጎቴ ቤት፣ ከገብሱ ጎተራ ጀርባ» ብላ በገዛ እጇ ቁጭ አድርጋዋለች። ምን ነካት?

እሸቴ ታላቅ ወንድሟ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ከተጠራ ወዲህ ደብረ ታቦር ውስጥ ያየው የለም። ቀበሌ ሲጠይቅ እናታቸው «ለሥራ ሁመራ ወርዷል» ትላለች።

ጥፋቱ የመምህር ሙላቴ ነው ማለት ይቻላል። ድርሰት ከመጀመራችሁ በፊት ዘርግፉ ይላሉ። «አትምረጡ። የመጣላችሁን ሐሳብ ሁሉ ጻፉት። ከዚያ የሚሆነውን በቁጥር ቅደም ተከተል አስይዙት፤ የማይሆነውን በአንድ መስመር ሰርዙት። አታጥቁሩት፣ የጣላችሁትንም ማየት እፈልጋለሁ።» ለዚሁ ሲሉ ለእያንዳንዱ ተማሪ ማኅተም ያረፈባቸው ሁለት ወረቀቶች ሰጥተዋል፤ አንዱ ለአስተዋጽኦው፣ ማለትም ለሐሳቡ ዝርዝር፣ ሌላው ለድርሰቱ። የዛሬው ርዕስ «የእናት አገር ጥሪና ቤተሰቤ» ነው። እሷም እንደታዘዘችው ዘረገፈችው።

ሌላ ቀን ቢሆን ምንም አልነበረም። ዛሬ ግን ወረቀቱን የሚሰበስቡት ከአውራጃው የመጡት ሰውዬ ናቸው። ካኪ ለብሰው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አንደኛ የወጣ ጎንደር ሄዶ ይወዳደራል። ትርንጎ ጎንደርን አይታ አታውቅም፤ ማየት ደግሞ እንዴት እንደምትፈልግ! ከስምንተኛ ክፍል በድርሰት የሚቀድማት እንደሌለ ራሷም ታውቃለች።

ብትሰርዘው ይነበባል። ብታጠቁረው ደግሞ አንድ መስመር ብቻ የጠቆረበትን ወረቀት አይቶ የማይጠይቅ ማን አለ? ድርሰቱን ጨረሰችና አስተዋጽኦውን አጣጥፋ ሹራቧ ውስጥ ከተተችው።

«ሌላውስ?» አሉ ሰውዬው ወረቀቷን ሲቀበሏት።

«አስተዋጽኦ አልሠራሁም።»

«ሁለት ወረቀት አይደል የተሰጣችሁ?»

መምህር ሙላቴ ከሰሌዳው አጠገብ ዞሩ። ስትጽፍ አይተዋታል፤ ቅድም አጠገቧ ቆመው አንብበው አልፈዋል። አሁን አንድ ቃል ቢተነፍሱ እሸቴ አለቀለት።

«ወረቀት አጥሮኝ ለእሷ አንድ ነው የሰጠኋት» አሉ መምህሩ። «ቢሆንም በደብተሯ ማዘጋጀት ነበረባት። ያለ አስተዋጽኦ አላርምም። ዜሮ።»

ሰውዬው ትከሻቸውን ሰበቁና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ። ትርንጎ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ተቀመጠች። ዜሮ አግኝታ አታውቅም።

ሁሉም ከወጡ በኋላ መምህር ሙላቴ መሳቢያቸውን ከፈቱና ማኅተም ያለበት ንጹሕ ወረቀት አወጡ።

«ወረቀቶቹ ለእርማት እኔ ዘንድ ያድራሉ፤ ሰውዬው የሚወስዷቸው ነገ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌላ አስተዋጽኦ ሥሪ፣ አስበሽ። በደብተሯ ነድፋው ኖሯል፣ አስገለበጥኳት ብዬ ከድርሰትሽ ጋር አያይዘዋለሁ።»

ትርንጎ ወረቀቱን ተቀበለች። ስድስት የማያስጠይቁ ሐሳቦች ወዲያው መጡላት፤ ቅደም ተከተላቸው ሳይቀር። ዓረፍ ብላ ብትጽፋቸው አምስት ደቂቃ አይፈጁባትም። ግን ሰውዬው ነገ ያንን ወረቀት ሲያዩ ምን ይላሉ? የማን ልጅ ናት? ወንድም አላት? የት ነው ያለው?

ወረቀቱን በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

«ስሜን ለሰውዬው ደግመው ባያነሡላቸው ይሻለኛል ጋሼ» አለች። «ዜሮው ይቆይልኝ።»