ዘጠና ዘጠኙ ደረጃ

ይህን ታሪክ ከወሬ አልቃረምኩትም። የደረሰባት ሴት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ሁለት እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀብራ የነገረችኝ ነው። ስትጨርስ «ጻፈው፤ ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል» አለችኝ።

ጻፍኩት። ማመን አለማመን የእናንተ ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። የካቲት ውስጥ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት...

ቦታው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያለ አንድ አፓርታማ።

ልብ በሉ፤ ሌሊት አልነበረም። ፀሐይዋ በረዶው ላይ አርፋ ዓይን የምታጥበረብርበት ሰዓት ነበር።

ትህትና ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በዲቪ ከመጣች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቻምበርስ ሮድ አካባቢ ብቻዋን ትኖራለች፤ ሥራዋ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዳ መንከባከብ ነው።

ዓርብ ማታ በሯን ከዘጋች እስከ ሰኞ ጠዋት አንድ ቃል ሳትናገር የምትከርምበት ጊዜ ብዙ ነበር።

«አንዳንዴ» አለችኝ፣ «ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ ብቻዬን እስላለሁ።»

ጥቅምት ላይ ኤጀንሲው አቶ ሀይለማርያም ወደሚባሉ ሽማግሌ ላካት። ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ከዊልቸር አይነሱም። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ሄዋን ዴንቨር ቢሮ ትሠራለች። ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው።

«አባዬ ብዙ አያወራም» አለቻት የመጀመሪያው ቀን፣ ኮቷን እየለበሰች። «ቲቪ ክፈቺለት፣ መድኃኒቱን ቼክ አድርጊ፣ በቃ።»

እውነትም አያወሩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአፋቸው የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው። እሱንም ሸለብ ሲያደርጋቸው።

«ተገኝ...»

የጠፋ ዕቃ የሚፈልጉ እየመሰላት መነጽራቸውን ታቀብላቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ዝምታው ሲከብዳት ዩቲዩብ ላይ አንድ ቪዲዮ ከፈተች። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ፣ ምንም ሳይናገር፣ በእግሩ ከተማ ይዞራል። ሮድስ የምትባል የግሪክ ደሴት ናት። ባሕር ዳር ያለ ግንብ፣ በጠጠር የተነጠፈ ጠባብ መንገድ፣ የቅስት በሮች...

«አሁን ወደ ግራ ይታጠፋል» አሉ አቶ ሀይለማርያም።

ካሜራው ወደ ግራ ታጠፈ።

ትህትና ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ጋሼ! ያውቁታል እንዴ?»

«በመርከብ ሄጄበታለሁ» አሉ። «ባሕር ኃይል ነበርኩ። ልጅ ሆኜ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ «ጉዞ» ይወጣሉ። ማልታ ሄደው፣ ወለሉ ሙሉ በሙሉ የባላባቶች መቃብር የሆነ፣ ግድግዳው ወርቅ የለበሰ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ዱብሮቭኒክ ላይ ባሕሩን ቁልቁል እያዩ የከተማዋን ግንብ ዞሩ። ስፕሊት ላይ የሮማ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰዎች ልብስ አስጥተው፣ ልጅ እያሳደጉ ሲኖሩ አዩ። ቱኒዚያ ደግሞ ባሕሩ አፍ ላይ የፈረሰውን የካርቴጅ መታጠቢያ ቤት።

ትህትና በሕይወቷ ባሕር አይታ አታውቅም።

ግን ማታ ማታ አፓርታማዋ ስትገባ የምታስበው ነገር አገኘች። «ነገስ የት እንሂድ?» የሚላት ሰው አገኘች። ይህ ለሷ ቀላል ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ያልገባት።

አቶ ሀይለማርያም ሕንጻውን አያዩም። ሰዎቹን ነው የሚያዩት።

«ፖዝ አድርጊው» ይላሉ። ዊልቸራቸውን ገፍተው ስክሪኑ ሥር ይጠጋሉ። ከቱሪስቱ መሃል አንድ በአንድ ፊት ይመረምራሉ...

«አይደለም። ቀጥዪ።»

ቪዲዮው ሲያልቅ ደግሞ ሁልጊዜ ያቺኑ ይላሉ።

«ዛሬም አልመጣም።»

«ማን ነው ጋሼ?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

ጥር ላይ እስክንድርያ ሄዱ። ከወደቀው የጥንቱ የመርከቦች መብራት ማማ ድንጋይ ተሠራ የሚባለውን የባሕር ዳር ምሽግ ሲያዩ፣ ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ትህትና ደስ ብሏት ቀጥሎ የመጣውን ቪዲዮ ልትከፍት ሪሞቱን አነሳች። ከመሬት በታች የተፈለፈለ የጥንት መቃብር ነበር።

እጇን ያዟት። ጣታቸው በረዶ ነው።

«እሱን አትክፈቺ።»

«ለምን ጋሼ?»

በሹክሹክታ መለሱላት። «ድምፄን ያውቀዋል።»

ያን ማታ ትህትና መብራት ሳታጠፋ ተኛች።

የካቲት ሲገባ ሐኪሙ ልባቸው እንደደከመ ለሄዋን ነገራት። በዚያው ሰሞን ነው ያ ማክሰኞ የመጣው። ትህትና ስትገባ ሽማግሌው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ጠበቋት።

«ዛሬ ወደዚያ እንሂድ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ስሚኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጓደኛ ነበረኝ። ተገኝ ይባላል።»

ያኔ ገባት። ለካ የሰው ስም ነው።

ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት። ሁለቱም የሃያ ሁለት ዓመት ወጣቶች። መርከባቸው እስክንድርያ ስትቆም ያንን መቃብር ሊያዩ ወረዱ። ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። ዘጠና ዘጠኝ። ያኔ ታችኛው ክፍል ውሃ ሞልቶት ነበር። ተገኝ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ገባ።

«‹ሀይሌ፣ ቆየኝ፤ አንዴ አይቼው ልምጣ› አለኝ። ቆየሁት። ሻማዬ ሊያልቅ ሲል ከውሃው በኩል ጠራኝ። ‹ሀይሌ... ቆየኝ።›»

ወደ ጠፋው ቲቪ አዩ።

«ከዚያ ያው ድምፅ ከላይ ጠራኝ። ከደረጃው። ‹ሀይሌ... ና።› አንድ ሰው ከሁለት ቦታ ጠራኝ፣ ትህትና። የቱ እሱ እንደሆነ አላወቅሁም።»

«ምን አደረጉ?»

«ወደ ላይ ሮጥኩ። ላይ ማንም የለም። ተመልሼ መውረድ አቃተኝ።» አንገታቸውን ደፉ። «ለአለቃዬ ግን ፈርቼ ጥዬው መጣሁ አላልኩም። ከድቶ ቀረ አልኩ። እናቱ የከሃዲ እናት እየተባለች ሞተች። ይህንን ሄዋንም አታውቅም።»

እጇን ያዙ።

«እኔ ሳልፍ ቤተሰቦቹን ፈልጊ። አሰላ ናቸው። አልከዳም በያቸው።»

«እሺ ጋሼ።»

«አሁን ክፈቺው።»

ከፈተችው። አስራ ስምንት ደቂቃ ይላል። ካሜራ የያዘው ሰው አይናገርም፤ የእግሩ ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማው። ደረጃውን መውረድ ጀመረ።

አቶ ሀይለማርያም በሹክሹክታ ይቆጥራሉ።

«...ዘጠና ሰባት። ዘጠና ስምንት። ዘጠና ዘጠኝ።»

ካሜራው አልቆመም።

አሁንም ይወርዳል...

«መቶ» አሉ። «መቶ አንድ...»

ከዚያ መቁጠር አቆሙ። እግሩ ግን ይወርዳል። ግድግዳው ጠቆረ። ስክሪኑም ጠቆረ። ኮቴው ውሃ ውስጥ የሚረግጥ እግር ድምፅ ሆነ።

ጭልብ... ጭልብ...

ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፣ በወጣት ድምፅ፦

«ሀይሌ...»

ትህትና ልጅ ሆና እናቷ «የጠራሽን ሳታዪ አቤት እንዳትዪ» ይሏት ነበር። አፏን በመዳፏ ያዘች።

አቶ ሀይለማርያም ግን ቀና አሉ።

«አቤት!»

ተወርውራ ሄዳ የቲቪውን ገመድ ነቀለች።

ስክሪኑ ጠፋ። ድምፁ አልጠፋም።

አሁን እየወጣ ነው። ደረጃ የሚወጣ ሰው ኮቴ። ከበሩ ውጪ።

ቤቱ ግራውንድ ላይ ነው። ደጃፉ ላይ አንድም ደረጃ የለም።

ሽማግሌው እንደገና መቁጠር ጀምረዋል። አሁን ወደኋላ። «አምስት... አራት... ሦስት...»

ኮቴው ቆመ።

«በሩን ክፈቺለት።»

«ጋሼ፣ እፈራለሁ።»

«እኔም ፈርቼ ነው እዚህ የደረስኩት» አሉ።

ትህትና ለምን እንደታዘዘቻቸው እስከ ዛሬ አታውቅም። ሄዳ ከፈተች።

ማንም የለም።

ፓርኪንጉ ላይ አንድ ጎረቤት የመኪናውን በረዶ ይፍቃል። አያትና እጁን አውለበለበላት። ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው...

ግን አንድ ቀዝቃዛ ነገር ትከሻዋን ታክኮ አለፈ። ጨው ጨው የሚል፣ የረጠበ ሽታ።

ስትዞር አቶ ሀይለማርያም ቀኝ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተዋል። ሰው እንደሚጨብጡ። ፊታቸው ላይ እንባም ፈገግታም አለ።

አልፈዋል።

የአምቡላንስ ሠራተኞቹ መጡ። አንደኛው ጭናቸው ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ ሲገልጥ ግራ ተጋብቶ ቀና ብሎ አያት።

«እግሩን እያጠብሽው ነበር?»

ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሶ ይንጠባጠባል።

ከቀብሩ በኋላ ትህትና ኑዛዜውን ለሄዋን ነገረቻት። ኮቴውን አልነገረቻትም። ሄዋን ተቆጣች።

«አባቴ ውሸታም ነው እያልሽኝ ነው?»

ሁለት ሳምንት ስልኳን አላነሳችም። ትህትናም ወደ ዝምታዋ ተመለሰች። አራት ሰዓት ሲሆን የት እንደምትሄድ አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ሄዋን ናት። ዓይኗ አብጧል።

«አልጋው ሥር ደብዳቤ አገኘሁ። ለሰውዬው እናት ነው የጻፈው። አርባ ይሆናል... አንዱንም አልላከውም» አለች። «እንፈልጋቸው።»

አሰላ ዘመድ ያለው አንድ ሰው በፌስቡክ አፈላልጎ አገኘላቸው። የተገኝ ታናሽ እህት በሕይወት አሉ፤ ወይዘሮ ጌጥነሽ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሳምንቱ ቅዳሜ በቪዲዮ ደወሉላቸው።

የተናገረችው ትህትና ናት።

«እማማ... ወንድምዎ አልከዳም። ይህን እንድነግርዎ አደራ ተሰጥቶኝ ነው።»

አሮጊቷ አላለቀሱም።

«አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እናታችን ሳትሰማው መሄዷ ነው የሚቆጨኝ።»

«ማን ነገረዎት?» አለች ሄዋን።

«ራሱ ነዋ። የዛሬ ወር ገደማ፣ ማክሰኞ ለት፣ የሁለት ሰዓት ዜና ሊጀምር ሲል በሩን አንኳኳ።»

ሄዋን በጣቶቿ ቆጠረች። እዚያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት... እዚህ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ትህትናን አየቻት። ትህትና መሬት መሬቱን ታያለች።

«እንዴት ነው ልጅ እንደሆነ የቀረው!» አሉ ወይዘሮ ጌጥነሽ። «ብቻውን አልነበረም፤ እሱ ደግፎ ያመጣው አንድ ሽማግሌ አለ። ቆዩማ፣ ላሳያችሁ።»

ስልኩን አዞሩት።

ጠባብ ሳሎን ናት። ግድግዳውን ተደግፈው ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ባዶ ናቸው።

ሊሾው ደረቅ ነው። ከሁለቱ ወንበሮች ሥር ብቻ ውሃ አቁሯል።

«ሽማግሌው የእናንተ ነው አይደል?» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው። «አይናገርም፤ ምን እንደምለው ጨንቆኝ ነበር።»

ሄዋን ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«አባዬ?»

ከቀኙ ወንበር ሥር ያለው ውሃ ተነቃነቀ።